የመጨረሻ ስማቸው ነጥብ የሆነ ሰዎች

ፑንጎዲ የአባቷን የአሥራ ስድስተኛ ቀን የሐዘን ሥርዓት አድርሳ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቢሮ ገባች። ከዲንዲጉል አውቶቡስ እንደ ወረደች ሻንጣዋን እየጎተተች ነው የመጣችው፤ ማደሪያዋ እንኳ አልደረሰችም። ተነስቼ ወንበሯን ሳብኩላት።

«እንዴት ነሽ እህቴ?»

«ደህና ነኝ አንና። ዛሬ ሰኞ አይደል? ሰነዶቹ ገቡ?»

አንና የምትለኝ በሥጋ ወንድሟ ሆኜ አይደለም፤ ቼናይ ውስጥ በስምንት ዓመት የሚበልጥህን ሰው በስሙ አትጠራውም። ስሜ ሳቫሪ ነው። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ኮድ እየፈተሽኩ ስህተት መፈለግ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አይወደኝም፣ እኔም ብዙ ሰው አልወድም። ፑንጎዲን ግን እወዳት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ስቀመጥ ስህተት ያገኘሁባት አራት ጊዜ ብቻ ነው። አምስተኛውን ያገኘችው ራሷ ናት።

መሥሪያ ቤታችን የኩላሊት ተራ ይይዛል። ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ኩላሊቱን ሲለግስ ለማን እንደሚደርስ የሚናገረው የእኛ ዝርዝር ነው። በየሰኞው ሃያ ስምንት ሆስፒታሎች የታካሚዎቻቸውን ሰነድ ይልኩልናል። ሰነድ ስል ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ ሳጥን በሳጥን ውስጥ የተቀመጠበት ነገር ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ታካሚው አለ፣ ታካሚው ውስጥ ስሙ፣ ስሙ ውስጥ የመጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም። የደም ዓይነቱና የተመዘገበበት ቀን ደግሞ ሌላ ሳጥን ውስጥ። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ለማውጣት ሁለት ገጽ ኮድ ያንዛዛሉ፤ ፑንጎዲ አንድ መስመር ትጽፋለች። ከሆስፒታሉ ወደ ታካሚው፣ ከታካሚው ወደ ስሙ፣ በየመሐሉ እዝባር፤ ለባጃጅ ነጂ ቤት እንደ መንገር ማለት ነው። የትኛውን ቤት እንደምትፈልግ ደግሞ በቅንፍ ታስገባበታለች፤ ሰማያዊ በር ያለውን እንደ ማለት። «የመንገዶች ባለሥልጣን መጣች» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ልዩነቱ፣ ባጃጅ ነጂ ቤቱን ካጣው ተመልሶ ይጨቃጨቅሃል። ፕሮግራሙ አይጨቃጨቅም። መንገዱ ከተሳሳተ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባዶ መመለስ ደግሞ ለሱ ስህተት አይደለም።

አባቷ ሴላሙቱ በዲንዲጉልና በፓላኒ መሐል በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ሠላሳ ዓመት ቲኬት የቆረጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን እንኳ ያለ ቲኬት አሳፍረው አያውቁም ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ይስቅባቸው ነበር። አንድ ልጃቸውን ምሕንድስና አስተማሩ። ልጅቱም ቼናይ መጥታ የሴቶች ማደሪያ ውስጥ አንድ አልጋ ይዛ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ባል አላገባችም፤ ለምን ብለው ሲጠይቋት «ሰነድ ሲያልቅ» ትላለች። ምሳዋ ሁልጊዜ እርጎ በሩዝ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የአባቷ ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመሩ፤ ዲንዲጉል ባለ ሆስፒታልም ተራ ያዙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ቤት የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኛ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ስልክ።

የቢሯችን ደንብ ማንም ሠራተኛ የዘመዱን ተራ እንዳያይ ይከለክላል። ብዙዎቻችን ያንን ደንብ ሻይ እየጠጣን እንጥሰዋለን። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልጣሰችውም። አባቷ እሑድ እሑድ በስልክ «ስንተኛ ደረስኩ?» ይሏታል። «አፓ፣ እሱን ማየት ክልክል ነው» ትላለች። ሰውየው ይስቃሉ፤ «ጎሽ! ያለ ቲኬት መሳፈር የለም!» ይላሉ። እንዲህ እየተባባሉ አራት ዓመት ሄደ፤ ስልኩ ሳይደወል ሞቱ።

በዚያ ሰኞ ፑንጎዲ የተሰረዙትን ዝርዝር ከፈተች። ሰው ሲሞት ሆስፒታሉ «ሞቷል» ብሎ ይጽፋል፣ የእኛ ፕሮግራም ስሙን ከተራው ያወጣዋል። የአባቷ ስም እዚያ የለም።

«ሆስፒታሉ ዘግይቶ ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል።»

በሚቀጥለው ሰኞ አየች፤ የለም። በሦስተኛው ሰኞ ዝርዝሩን ትታ ከዲንዲጉል የመጣውን ሰነድ እንዳለ ከፈተች። አባቷ እዚያው ቁጭ ብለዋል። የመጀመሪያ ስም ሴላሙቱ። የመጨረሻ ስም ነጥብ። የደም ዓይነት ቢ። የተመዘገቡበት ቀን፣ ከአራት ዓመት በፊት። ሞተዋል። ሰነዱ ላይ አሉ፣ ዝርዝሩ ላይ የሉም። በሰነዱና በዝርዝሩ መሐል ያለው ደግሞ የእሷ አንድ መስመር ነው።

እጇን ከመዳፊቱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አንና፣ ነጥቧ» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ።

እኛ ታሚሎች የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራሳችን ስምና ከፊቱ የምትቆም የአባታችን ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት። ቅጽ የሚያወጡ ሰዎች ግን ይህን አይሰሙም፤ «የመጨረሻ ስም» የሚል ሳጥን አበጅተው ካልሞላህ አላሳልፍም ይሉሃል። ስለዚህ ነጥብ እንመታበታለን። የእኔ የስልክ ደረሰኝ የሚመጣው «ሳቫሪ ነጥብ» ተብሎ ነው። ሚስቴ ስትናደድ «አቶ ነጥብ» ትለኛለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ይህ የሰነድ አላላክ ሲጀመር የሆስፒታል ጸሐፊዎች በሥልጠና ላይ የሌሉ ታካሚዎች እየፈጠሩ ይለማመዱ ነበር። ስሙ «ሙከራ»፣ የመጨረሻ ስሙ ነጥብ። እነዚህ የውሸት ሰዎች ተራ ውስጥ ገቡና አንድ ቀን ጸሐፊዎቹ በዘፈቀደ የጻፉት ስልክ የእሱ ሆኖ ሳሌም ውስጥ ላለ ልብስ ሰፊ «ኩላሊትህ ደርሷል» ተብሎ ተደወለለት። ሰውየው ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ነበረው፤ ሊወስዱበት መስሎት ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። እኛ በሳቅ ሞትን፤ ኃላፊያችን ራጋቫን ጮኸብን። ፑንጎዲም መንገዷ ላይ ቅንፍ ጨመረች፤ የመጨረሻ ስሙ ነጥብ ያልሆነ። ሦስት ቀን ፈተሽኩት። ያን ጊዜ ባለ ነጥቦቹ በሙሉ እውነትም የውሸት ነበሩ። «ትክክል» ብዬ ፈረምኩ።

የዲንዲጉሉ ሆስፒታል የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ያለው ጸሐፊ የአባትን ስም «የአባት ስም» በሚለው ሳጥን ይሞላና ለመጨረሻ ስም ነጥብ ይመታል፤ እኔም ብሆን የማደርገው እሱን ነው። ቅጹን ያወጣው የባዕድ አገር ሰው ኮዱንም ቢጽፈው ኖሮ ነጥቧን ሲያይ ግራ ገብቶት ይጠይቅ ነበር። እኛ አልጠየቅንም። ነጥብ ማለት «ምንም» ማለት እንደሆነ ከልጅነታችን እናውቃለን።

ፑንጎዲ ቅንፉን አንስታ መንገዱን እንደገና አስኬደችው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስት የነበረው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሆነ። ስድሳ ሦስት ሰው። ሌላ መስመር ጻፈች፤ ከነሱ ውስጥ የሞቱት። ዐሥራ አራት። ሦስተኛ መስመር ጻፈች፤ ዝርዝሩ ላይ ቢኖሩ ኖሮ ተራቸው ይደርስ የነበረ። ስድስት። ከስድስቱ አንዱ አባቷ ናቸው።

«ከመሞታቸው ዓመት ከአምስት ወር በፊት ይደርሳቸው ነበር» አለችኝ፣ የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚነግር ሰው። ከዚያ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ እርጎ በሩዟን በላች። ጨረሰችው። አለቀሰች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳውን በጡጫ የመታሁት፤ ጣቴ ለሳምንት አብጦ ነበር።

ከሰዓት ራጋቫን ዘንድ ገባን። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ለእኔ ግን ከክፉ ይብሳል።

«በሕይወት ያሉትን አርባ ዘጠኙን ዛሬውኑ ተራቸው ላይ መልሷቸው» አለ። «ስለሞቱት ግን ዝም ነው። ቤተሰቡ እግዜር ወሰደው ብሎ ተጽናንቷል። ምን ልትይው ነው? ለማንስ ይጠቅማል?»

«ዕድላቸው ነው ብለው ነው የተቀመጡት ሰር» አለች። «ዕድላቸው አልነበረም። እኔ ነኝ።»

«ፑንጎዲ፣ አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። አንድ ሳምንት ዕረፊ።»

«ሐዘን ላይ አይደለሁም ሰር። ምንም ላይ አይደለሁም። ያን ዕለት ሲያቃጥሏቸው ቆሜ ያየሁት እሳቱን ነው፤ እሳት ነው፣ አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣልኝም። ዕረፍት ብወጣም ያው ነኝ።»

ራጋቫን ወደ እኔ ዞረ። «ሳቫሪ፣ አንተ ደግሞ ምነው ተዘጋህ? ምከራት እንጂ!»

«ምን ብዬ? ፊርማው የኔ ነው» አልኩት።

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። አርባ ዘጠኙ በመጀመሪያው ቀን ተራቸው ላይ ተመለሱ፤ ጭቅጭቁ ስለ ዐሥራ አራቱ ነበር። በመጨረሻ ፑንጎዲ ነገሩን በአንድ ገጽ ጻፈችው፤ ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደፈተሸው። ፈረመች፤ ከሥሯ ፈረምኩ። ለበላይ ልንልከው መሆኑን ራጋቫን ሲያይ እጁን ሰጠ። «ንገሯቸው እንግዲህ። ግን ከመሥሪያ ቤቱ መስመር ይሁን፤ እንዲህ ያለ ነገር በግል ስልክ አይነገርም» አለ።

ረቡዕ ጠዋት ዐሥራ አራቱን በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል አውጥታ መጣች። ከላይ የተጻፈው ሴላሙቱ ነጥብ፣ ዲንዲጉል ይላል።

«ከሁለተኛው ጀምሪ» አልኳት። «እናትሽን ቅዳሜ ቤት ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«በተራ ነው አንና።»

«ተራ አትበይኝ ሴትዮ! እናትሽ እኮ ናቸው!»

«ሌሎቹም የሰው እናት ናቸው። ለአፓ አላዳላሁም፤ አሁን ለራሴ ላዳላ?»

ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ገና አንድ ጊዜ ሳይጮህ ተነሳ።

«ሃሎ!» አሉ እናቷ ፔቺ። የመሥሪያ ቤታችንን ቁጥር ባልየው አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈውት ኖሯል፤ ሴትዮዋ ማንበብ ባይችሉም መልኩን በቃላቸው ይዘውታል። ፑንጎዲ አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ደወላችሁ? አሁን ደወላችሁ ጌቶቼ? የልጄ አባት የሉም እኮ። ዛሬ አርባ ሰባት ቀናቸው ነው። እናንተ ምን ታደርጉ፣ ተራ ነው። ብቻ አደራችሁን ይሄ ኩላሊት እንዳይባክን። ቶሎ ብላችሁ ከኋላቸው ላለው ሰው ስጡት። ሰምታችኋል? እኛ ቤት አያስፈልግም፤ ለሌላው ስጡት።»

ፑንጎዲ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አማ፣ እኔ ነኝ።»

«ፑንጎዲ? አንቺ ነሽ በዚህ ቁጥር? ምን ሆንሽ?»

ነገረቻቸው። በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው፤ ማለዘቢያ አላስገባችበትም፤ ጭራሹኑ ዝርዝሩ ላይ እንዳልነበሩ፣ ነጥቧን ማን እንደከለከለ፣ ተራቸው የነበረው መቼ እንደሆነ። በዚያኛው ጫፍ አውራ ዶሮ ይጮኻል።

«ወንድማቸው ሲሞት ለቅሶ አልሄዱም» አሉ ፔቺ። «ከሆስፒታሉ እንዳልርቅ፣ ድንገት ቢደወል ብለው። አራት ዓመት ከዲንዲጉል አልወጡም።»

«አዎ አማ።»

«ማንም አልጠራቸውም ነበር።»

«አዎ።»

«ያንን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አማ።»

ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ይሁን እናትየው አላወቅንም፤ መልሳ አልደወለችም። እስክሪብቶ አንስታ ከመጀመሪያው ስም ፊት ለፊት ምልክት አደረገች። ሁለተኛውን ቁጥር መምታት ጀምራ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ጣቷ ቆመ፤ እንዲሁ ቆሞ ቀረ።

ስልኩን ከፊቷ ወደ እኔ ስቤ የቀረውን ቁጥር መታሁ። ሁለተኛው ቤት ሲያነሳ ስሜን ነገርኳቸው።