አሥራ ሁለት ቀንና አንድ ጣሳ

ውድድሩ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የገባሁበት። ማንም መርጦኝ አይደለም። የቀበሌያችን ሦስተኛ ሴት ሯጭ ወባ ጥሏት ተኛች፤ ሦስት ሴት ያላቀረበ ቀበሌ ደግሞ ይሰረዛል ተባለ። የስፖርት አስተማሪያችን ክፍላችን ገብቶ "መሮጥ የምትችል ሴት አለች?" ሲል እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ይሳቁ! እጄን አላወረድኩም።

የሳቁት በእግሬ አይደለም። በእግሬ ማን ይስቃል? ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጭቃ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁ ነኝ። የሳቁት እናቴ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። በጋሞ ምድር እናቴን የመሰሉ ሴቶች የሠሩት እንስራ የሌለበት ቤት የለም፤ እነሱ ግን የዚያን ቤት ደጃፍ አያልፉም። እናቴ ውሃ ሲጠማት ደጅ ቆማ መዳፏን አጣምራ ትዘረጋለች፣ የቤቱ እመቤት ከላይ ታንቆረቁርላታለች። ኩባያ አይሰጣትም፤ እኛ አፋችንን ባስነካንበት ኩባያ ሌላ ሰው አይጠጣማ! ለእኛ ያወጡልን ስምም ነበር። እዚህ አልጽፈውም። ዕድሜ ልካቸውን የጠሩን ይበቃቸዋል።

ዘመኑ ደርግ ነው። በዚያ ዘመን አርባ ምንጭ ውስጥ እኩልነት ሞልቶ ተርፎ ነበር፣ ግድግዳ ላይ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ "የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሊቀመንበራችንም ስብሰባ በጠራ ቁጥር እጁን እየወዘወዘ ይህንኑ ይነግረናል። ቤቱ ሲሄዱ ግን ሚስቱ ለእናቴ ውሃ የምታንቆረቁርላት በመዳፏ ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

እኩልነቱ ያን ዓመት ሩጫውም ላይ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ በሠራተኞች ቀን ሴቶች የሚሮጡት ሦስት ኪሎ ሜትር ነበር። በድንገት "ሴት ከወንድ በምን ታንሳለች?" የሚል ደብዳቤ መጣና ርቀቱ አሥራ አምስት ሆነ። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ወደ ታችኛው ሲቀላ፣ የኩልፎን ወንዝ በድልድዩ ተሻግሮ በሙዝ እርሻዎቹ አጠገብ፣ ከዚያ ዞሮ በመጡበት ተመልሶ የሴቻን ዳገት መውጣት። እኔ በሕይወቴ ሮጬ የማውቀው የትምህርት ቤቱን ሜዳ አራት ዙር ነው። አሥራ ሁለት ቀን! እንስራ እንኳን ጭቃው ከተቆፈረ ጀምሮ እስኪተኮስ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ልምምድ ከኩልፎ ማዶ ነበር። አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ የአገራችንን ነገር አያውቅም። ሩጫውን ስንጨርስ ከጀሪካኑ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀዳና ቅርቡ ለነበርኩት ለእኔ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ደግሞ ቀዳና ለጓደኛዬ ዘረጋላት። ጓደኛዬ የምላት አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ዓመት አብረን የተቀመጥን፣ የቀበሌያችን ዋና ሯጭ የሆነች ልጅ ናት። ሒሳብ ከደብተሬ ትገለብጣለች። ኩባያውን አየችውና "አልጠማኝም" አለች። ሌላዋም ልጅ "እኔም" አለች። ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"እናንተ ልጆች ግመል ናችሁ እንዴ?" አለ አስተማሪው እየሳቀ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዛ መጣች። አጥባዋለች፤ ጠርዙ እንዳይቆርጠኝም በድንጋይ ቀጥቅጣዋለች። አጥሩ እንጨት ላይ አንጠለጠለችውና "ይኼ ያንቺ ነው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ በደግነት። ደግነቷ ነው ያንገበገበኝ! ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ።

"ቲቸር፣ ዛሬ እኔም አልጠማኝም" አልኩ።

በዚያው ጸናሁ። በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ከዚያ ጣሳ አንዲት ጉንጭ አልጠጣሁም። ወይ ፍንክች! ሁለቱ ልጆች ቀድመው ይጠጣሉ፤ ኩባያው ወደ እኔ ከመድረሱ በፊት አንዷ ትቀበለዋለች፣ ሌላዋ በዓይኗ ጣሳውን ታሳየኛለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ልክ ሲያሰናብተን ቤቴ ድረስ እሮጥና ከራሳችን እንስራ እጨልጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እናቴን አስቀርቼ ጭቃውን እኔ ከቁፋሮው አመጣ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ አስሬው ዳገቱን በሩጫ እወጣለሁ። ያየኝ ሁሉ አበደች አለ። እግሬ አብጦ ሸራ ጫማው አልገባ ያለኝ ቀን አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስ ጫማውን ከተረከዙ ቀደድኩትና ሮጥኩ።

እናቴ የጣሳውን ወሬ የሰማች ቀን የእንስራ አንገት እያለሰለሰች ነበር። ቀና ሳትል በጋሞኛ "ልጄ፣ ጣሳም እኮ ውሃ ይይዛል" አለችኝ።

"ለምን ብዬ ነው የምጠጣበት?"

"ስለሚጠማሽ።"

"አንቺም ስለሚጠማሽ አይደል ዕድሜሽን ሙሉ እጅሽን የምትዘረጊው!"

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ምን ዋጋ አለው። እጇን ጭቃው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ገበያ ላይ በለመደችው አማርኛ፣ "የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ" አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። በዚያች ሰዓት ቆረጥኩ፦ አንደኛ ልውጣ መጨረሻ፣ የውድድሩ ቀን ሰው ሁሉ በሚጠጣበት ኩባያ እጠጣለሁ። አለዚያ ለዚህ ቀበሌ ስሜን አላስጠራም።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ከቀበሌ መጥተው እናቴን "ለሯጮች ውሃ የሚሆን እንስራ አዋጪ" አሏት። አዲሱን፣ ትልቁን፣ አፈ ሰፊውን ሰጠች። ድልድዩ ላይ ውሃ የያዘው እንስራ እንግዲህ የእናቴ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

በውድድሩ ዕለት ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ታቃጥል ነበር። ከየቀበሌው የመጣን ወደ ሃያ ሴቶች ተሰለፍን። አስተማሪው "ስትሄዱ ውሃውን አትንኩ፣ ስትመለሱ ጠጡ። ዳገቱ ያለ ውሃ አይወጣም" ብሎ ሦስታችንንም ትከሻችንን መታ አደረገን። ቁልቁለቱን ሁሉም በረረ፤ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ሙዝ እርሻዎቹ ጋ ሲደርሱ የበረሩት ማለክለክ ጀመሩ። እኔን ደግሞ ያኔ ነው የሞቀኝ። ጀርባዬ ላይ ጭቃ የሌለበት ሩጫ እንዴት ይቀላል! አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ጓደኛዬን ሳልፋት ዞር ብላ አየችኝ፣ ዓይኗን አላመነችም።

ስመለስ ኩልፎ ድልድይ ላይ የመጀመሪያዋ ሆኜ ደረስኩ። ውሃ የምታድለው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የሊቀመንበራችን ሚስት! እንስራው ከፊቷ፣ ጠረጴዛ ከአጠገቧ፣ አንድ ኩባያ በእጇ። አየችኝና ኩባያውን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

"በእጅሽ! በእጅሽ ተቀበዪ!" አለች።

ቆምኩ። ጊዜ እየፈጀሁ ቆምኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ኩባያውን ከእጇ ነጠቅኩና እንስራው ውስጥ አጠለቅኩት። ጠጣሁ። ደገምኩ። ሦስተኛውን አናቴ ላይ አፈሰስኩና ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ሄድኩ።

"ኡ ኡ! አበላሸችው!" ስትል ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ የእናቴን እንስራ በሁለት እጇ አዘንብላ ውሃውን መሬት ላይ እየደፋችው ነው። በዚያ ፀሐይ! ሌላ ውሃ በሌለበት! የገዛ ቀበሌዋ ሁለት ልጆች ከኋላዬ እየመጡ! ጓደኛዬ ደርሳ ባዶውን እንስራ አየች፣ እኔን አየች፣ ሩጫዋን ቀጠለች።

እንዲህ እንደሚሆን አላሰብኩም ብዬ ልማል? አልምልም። ውሃውን የደፋሁት ግን እኔ አይደለሁም።

የሴቻን ዳገት ስወጣ ሆዴ ውስጥ ውሃ ነበረኝ። ከኋላ የሚከተሉኝ ውሃ አልነበራቸውም። አንደኛ ወጣሁ። ጓደኛዬ አራተኛ ሆና የመድረሻውን ገመድ እንዳለፈች ተዘረጋች።

ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት የሌላ ቀበሌ ሊቀመንበር አቤቱታ ይዞ መድረኩ ሥር ቆመ። ከክፍለ ሀገር የመጣው ባለ ካኪው እንግዳ ሰማው።

"ጓድ፣ ይቺ ልጅ ውሃውን አበላሽታ ሯጮቻችን ሳይጠጡ ቀሩ።"

"ምን ጨምራበት?"

"ምንም አልጨመረችም ጓድ። ነክታው ነው።"

"ነክታው? እጇ ምን ነበረበት?"

ከመድረኩ ጀርባ በትልቁ "የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። አቤት ባዩ ጨርቁን አየ፣ ላቡን ጠረገ። የኛ ሊቀመንበርም መሬት መሬት ያያል። ለዘመናት ደጅ ላይ ሲሉት የኖሩትን አንዳቸውም መድረክ ላይ ሊሉት አልቻሉም። እሰይ!

"እኔ ልንገርዎት ጓድ" አልኩ። "እጄ ላይ ምንም አልነበረም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ውሃው የነበረበትን እንስራ የሠራችውም እናቴ ናት።"

እንግዳው ነገሩ ገባው። አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ሰዓቱን አየ። "ወደ ሽልማቱ እንለፍ" አለ። በቃ፣ አብዮቱ ለእኔ ያደረገው ይኼንኑ ነው።

ሽልማቱ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው ለአሸናፊዎች ውሃና ኩባያ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ በኩባያ ቀድቼ ጓደኛዬ ወደተኛችበት መሄዴን ነው። አንገቷን ደግፌ ኩባያውን ከንፈሯ አጠገብ አደረስኩላት። ልትጠጣ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሕዝቡ መሐል የቆመችውን እናቷን አየችና አፏን ገጠመች። እንባዋ ብቻ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደድኩባትም። ከእኔ ይልቅ የታሰረችው እሷ መሆኗ የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ፣ አጥር ተደግፋ ቆማ ነበር። ሲቀላ ካለው ቤታችን ድረስ በእግሯ መጥታ አቧራ ለብሳለች። ያንኑ ኩባያ ይዤ ሄድኩ። ውሃ መሆኑን እንዳየች፣ ምንም ሳትናገር፣ ጎንበስ ብላ መዳፏን አጣምራ ዘረጋችልኝ። ለእኔ! ለገዛ ልጇ!

"እማዬ፣ ተዪ" አልኳት። እጇን ለያየሁና ኩባያውን አስያዝኳት።

ሕዝቡ ያያል። የሊቀመንበሩ ሚስትም ከድልድዩ መጥታ ታያለች። እናቴ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፣ ከዚያ አፏን አስነክታ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ስትጨርስ አፏን ጠርጋ ቀጥ አለች፤ ሕዝቡን ሰንጥቃ ጠረጴዛው ድረስ ሄደችና ኩባያውን ከሌሎቹ ኩባያዎች ጋር ደረደረችው።