ያቀበልኩት ጨርቅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ በፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም ቀን የበላሁትን ሃምበርገር ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ፤ ይህ ላይ ስደርስ ግን አንገቴን ደፍቼ «ሌላ የለኝም» ብያለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተ አታውቀኝምና ከአንተ ልጀምር። ባደረግኩት ነገር በየትኛውም ፍርድ ቤት አልከሰስም። አልሰረቅኩም፤ ሰው አልመታሁም። አንድ ነገር እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ከዚያ ጨርቅ አቀበልኩ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ታዲያ ለመናገር አራት ዓመት ለምን ፈጀብኝ?

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ እሠራ ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ በሱዳን በኩል የመጣሁ ነኝ፤ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ደንበኛ ሲጠፋ ከመደርደሪያው ያገኘሁትን አነባለሁ፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የራሴን እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም፤ በአንድ ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ዓይኔ ግን ፈጣን ነበር። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ቶሎ አያለሁ። ይህን እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር።

ጋሽ ይልማ ከእኔ በሠላሳ ዓመት ይበልጣሉ። አገር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። እዚህ ደግሞ አላሜዳ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ይጦሩ ነበር፤ ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጧቸዋል። ሽማግሌው ሲሞቱ ልጃቸው «አባቴ ይህን ላንተ እንድሰጥ ነግሮኛል» ብላ አንድ የአደን ጠመንጃ ሰጠቻቸው። ሁለት አፈሙዞች ጎን ለጎን የተጣመሩበት፣ አስር ጌጅ የሚባል። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፤ አስሩ ከተለመደው አስራ ሁለት ይበልጣል፤ ክብደቱም እንደዚያው። ጋሽ ይልማ ጋራዥ ውስጥ ካለው አልጋቸው ሥር፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስቀመጡት። ቤቱን ከአራት ወንደላጤዎች ጋር ነበር የሚጋሩት።

በዚያው ሰሞን የባለቤታቸው የእትዬ ጽጌ ቪዛ ከካርቱም ወጣ። ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የእቁብ ገንዘባቸው ለትኬት አለቀ። እዚሁ ካሊፎርኒያ ባለችው ኒውአርክ አንድ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አግኝተዋል፤ የመጀመሪያው ወር ኪራይና መያዣው ዲፖዚት ግን የለም። ማናጀሩ እስከ ሰኞ ብቻ ነው የምይዝልህ ብሏል። የቀራቸው ጠመንጃው ነበር። «አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ ገዢ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር። ከወር በፊት በማኅበራችን ላይ ግጥም አንብቤ ነበር፤ ለሦስት ሳምንት የለፋሁበት። ስጨርስ ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ ድምፅማ አለው። ጥይቱ ነው የጠፋው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ እንባውን እየጠረገ «ፈልጉ፣ ወንበር ሥር ወድቆ ይሆናል» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አብሮ መሳቄን ነው እስካሁን ያልረሳሁት።

ገዢ ማግኘቱ አልከበደኝም። ወደ ሱቃችን የሚመላለስ፣ የድሮ የጠመንጃ ካታሎጎችን የሚገዛ፣ ባርሎ የሚባል ጡረተኛ መሐንዲስ ነበር፤ ቤቱ ሳን ሆዜ ነው። እንዲህ ያሉ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎችን ይሰበስባል። ስለ ዋጋቸው ሲናገር አይሰለቸኝም ነበር፤ ሰው ስለሚወደው ነገር ሲያወራ ማየት እወዳለሁ። አብዛኛው ሰው ቀላሉንና ትንሹን ነው የሚፈልገው አለኝ። አስራ ሁለቱ በየቤቱ ሞልቷል። አስሩ ግን ድሮም ጥቂት ነው የተሠራው፤ አዳኞችም አሁን እየተዉት ነው። ምክንያቱም የእርሳስ ጠጠር ለዳክዬ አደን እየተከለከለ ነው፤ በምትኩ የመጣው የብረት ጠጠር ደግሞ የአሮጌ ጠመንጃ ውስጡን ይፍቃል። ስለዚህ ለተኳሹ ዋጋው ወድቋል፤ ለሰብሳቢው ወጥቷል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ግን ለጠመንጃው አይደለም፤ ማንም ስላልነካው ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ከነአቧራው፣ ከነዝገቱ። «ትልቁን የሚገዛ ጥቂት ነው» አለ፤ «የሚገዛው ሲመጣ ግን ርቦት ነው የሚመጣው።»

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ይልማ በሌላ ሥራ ላይ ስለነበሩ ቁልፉን ሰጥተውኝ ባርሎን ጋራዡ ድረስ ወሰድኩት። ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ ገለጠ። ሰደፉ ላይ ያለውን በእጅ የተቀረጸ መስመር በጣቱ ዳሰሰ። አፈሙዞቹ ከሰደፉ የሚጋጠሙበት ብረት ላይ እርጥብ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚመስል ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ነበር፤ ፋብሪካው ብረቱን ሲያጠነክር የተወው ነው አለኝ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር እከፍላለሁ አለ፤ ቅዳሜ ሳን ሆዜ አምጡልኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘና ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «እንዳይነካው ንገረው። ዘይት የለም፣ ጨርቅ የለም። ከተወለወለ አልፈልገውም» አለ። ገባህ ወይ አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ገብቶኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይልማ ጋ ደወልኩ። የባርሎ ማስጠንቀቂያ ምላሴ ላይ ነበር፤ ይህን እምልልሃለሁ።

«ሃሎ ገጣሚው!» አሉኝ። «ሰውዬው ምን አለ? እንደ ግጥምህ ዙሪያውን አታዙረኝ፣ ቶሎ በል።»

ዋጋውን ነገርኳቸው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሳን ሆዜ እንደሆነም ነገርኳቸው። «በስመ አብ» አሉ።

«ሌላስ? ሌላ ያለው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ለምን የለም አልኩ? ሊጎዱ ነው ብዬ አስቤ ነበር? በዚያች ቅጽበት እንዲህ የጠራ ሐሳብ አልነበረኝም። አንዲት ትንሽ ነገር ለራሴ ማስቀረት ፈለግኩ፤ እሳቸው የማያውቁት፣ እኔ የማውቀው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ረቡዕ አልነገርኳቸውም። ሐሙስም አልነገርኳቸውም። የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሊሸጥ ያለውን ጠመንጃ ምን እንደሚያደርገው የማላውቅ ሰው ነበርኩ? ማንም ያውቃል።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሄድ የጋራዡ በር ክፍት ነበር። ጋሽ ይልማ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ ጠመንጃውን ፈታትተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የብረት ሽቦ ጥቅል፣ የመኪና ፖሊሽና የእንጨት ዘይት አለ። ሰደፉን በአሸዋ ወረቀት ፍቀው አቅልተውታል፤ በእጅ የተቀረጸው መስመር ጠፍቷል። የብረቱ ግራ ጎን እንደ ማንኪያ ነጥቷል። የቀኝ ጎኑ ግን ገና አልተነካም። ያ ዘይት የሚመስለው ቀለም እንዳለ ነበር።

«አየህ?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሰውዬው እኮ አቧራውን ነው ያየው፤ ጠመንጃውን የሚያየው ነገ ነው። እኛ ግምጃ ቤት ያልተወለወለ ዕቃ ለእንግዳ አናወጣም ነበር። ጄኔራል ሲመጣ ፊቱን ነበር የሚያይበት።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁም። ገና ግማሹ አለ። «ጋሼ፣ ተዉት» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግማሹ ቢተርፍ የዋጋው ግማሽ ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። ቆሜ እጃቸውን ተመለከትኩ። ሲወለውሉ እንዴት እንደሚያምሩ አየሁ። አውራ ጣታቸው እንዴት እንደሚዞር፣ ትንፋሻቸውን ብረቱ ላይ እንዴት እንደሚጥሉ። በልቤ ስንኝ እየቆጠርኩ ነበር።

«ያን ጨርቅ እስቲ አቀብለኝ» አሉኝ።

አቀበልኳቸው። የቀኙን ጎን በእሱ ጀመሩ።

ቅዳሜ ሳን ሆዜ፣ ባርሎ ጠመንጃውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አንድ ጊዜ ገለበጠው፤ ከዚያ እጁን አነሳ። እኔን አየኝ። በእንግሊዝኛ «ነግረኸዋል?» አለኝ። «ነግሬዋለሁ» አልኩት። ጋሽ ይልማ ከረባት አስረው፣ ፈገግ ብለው፣ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያሉ። ባርሎ አራት መቶ እሰጣለሁ አለ፤ እሱም ለሚተኩስበት ሰው ልሸጠው። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለውን የሚገዙ አምስት ሰዎች ናቸው፣ ሁላችንም እንደዋወላለን፤ ሌላ ጋ ብትወስዱት ከዚህ አይበልጥም አለ። አልተቆጣም። አንድ ነገር የሞተበት ሰው ይመስል ነበር።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ይልማ።

«ገበያው ወርዷል ነው የሚለው። ትልልቁን አሁን የሚፈልግ ጠፋ ይላል።»

«በአራት ቀን? እንዴት እንደጠራ አላየም እንዴ? እስቲ ወደ መስኮቱ አዙረህ እየው በለው።»

ለባርሎ «አመሰግናለሁ ይላል» አልኩት።

አራት መቶውን ተቀበሉ። ሰኞ አፓርትመንቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እትዬ ጽጌ በሦስተኛው ሳምንት መጡ። አራት ወንዶች ባሉበት ቤት፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሴት ማስተኛት ለጋሽ ይልማ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ እትዬ ጽጌ ሳንታ ክላራ አንድ ቤተሰብ ጋ ልጅ ለመጠበቅ፣ እዚያው ለማደር ገቡ። አሥራ አራት ወር። በእሑድ በእሑድ ብቻ ይገናኙ ነበር። አንድ እሑድ አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ አየኋቸው። ጋሽ ይልማ የሚስታቸውን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘዋል።  አውቶቡሱ ሲመጣ ቦርሳውን ሰጧቸውና እስኪጠፋ ቆመው አዩ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ቤቴ ገብቼ ብረቱን ስለሚወለውሉት እጆቻቸው ግጥም ጻፍኩ። ጥሩ ግጥም ነበር። በማኅበር ሳነበው ማንም አልሳቀም። ጋሽ ይልማ አንድ ቅጂ ለመኑኝ፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ ለጽጌ ልስጣት አሉ። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ከጨርቁም ይብሳል እላለሁ አንዳንዴ፤ ከዚያ ደግሞ አይ፣ ጨርቁ ነው እላለሁ። ያቀበልኩት እኔ ነኝ። «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። «ነግሬዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ውሸቴ በእሳቸው አፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። ሰው ጠመንጃ ሲያነሳ ጋሽ ይልማ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ትልቁን እንዳትገዛ! ገበያው በአራት ቀን ነው የሚወርደው» ይላሉ። ሰው ይሰማቸዋል፤ ግምጃ ቤት ጠባቂ ናቸውና። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ብርጭቆዬን አያለሁ።

በመጨረሻ እዚያው ኒውአርክ ቤት ሲያገኙ አልጋውን ደረጃ ለደረጃ የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ። እትዬ ጽጌ ላቤን አይተው ወደ በሩ መጡ። «ይልማ ነግሮኛል፤ ያኔ ለእኛ ብለህ ስንት ደክመሃል። ገበያው እምቢ ቢል የአንተ ጥፋት አይደለም። እንደደከምክልን የሚደክምልህ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። እጄን ዘርግቼ «አሜን» አልኩ።

ወጣት ነበርክ፣ ክብርህ ተነክቶ ነበር ትለኝ ይሆናል። አትበለኝ። አንድ ሰው አንድ ቀልድ ቀለደ፤ እኔ አሥራ አራት ወር ወሰድኩበት። ጋሽ ይልማ ዛሬም በገዛ ሙያቸው በኩል የተበደሉ ሰው መሆናቸውን አያውቁም። ባያውቁ አይሻላቸውም ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለማን እንደሚሻል ግን አውቃለሁ።

ከአንተ ልጀምር ብዬ ነበር፤ አይሆንም፤ ይህን ጽሑፍ ለአንተ ከመስጠቴ በፊት ኒውአርክ ወስጄ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። እስኪጨርሱት ድረስ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ስለዚህ አንተ ጋ ደርሶ ከሆነ ጋሽ ይልማና እትዬ ጽጌ አንብበውታል ማለት ነው። ምን እንዳሉኝ ግን እዚህ አትፈልግ። ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም ቃሉ የእነሱ ነው። የእኔ ድርሻ ያደረግኩት ነገር ነው፤ እሱን ጽፌዋለሁ።