የአጎቴ ቀበቶና የደላላው ጣሪያ

ቡራዩ ውስጥ የባሕር ዛፍ ጫፍ የሚያስቆርጥ ሰው የሚጠራው አጎቴን ነበር። የጭነት መኪና ዕቃ ማሰሪያ የነበረውን ሰፊ ቀበቶ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ በሁለቱም ጭኖቻቸው አዙረው፣ ፊት ለፊት ይቋጥሩታል። ከመውጣታቸው በፊት ግን ከግንዱ ጋር ዝቅ አድርገው ያስሩትና እግራቸውን አንስተው ይንጠለጠሉበታል። በኦሮምኛ «ሱታ!» ይሉና፣ «ቀስ በል! ቋጠሮ የሚፈተነው መሬት ሳለህ ነው» ይሉኝ ነበር።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ ጎረቤታችን፣ የመሬት ደላላው፣ «ዛፍ እየተጣለ መንገድ የሚዘጋው በሱ ቀበቶ ነው» ብሎ ጠቆመባቸው። የመጡት ሰዎች ቀበቶውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ እሳቸውን ወሰዱ። ተደብድበው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ዛፍ ቀርቶ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ቀበርናቸው። ደላላው ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ።

ድሮ የቀበቶው መስቀያ ሚስማር ባዶ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው እንል ነበር። ዛሬ ቀበቶው ተሰቅሏል፣ እሳቸው የሉም።

ሰሞኑን ከግቢያችን ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ደላላው ጣሪያ አዘመመ። «ልጄ፣ ሙያውን ታውቃለህ፤ ክረምት ሳይገባ ቁረጥልኝ» አለኝ።

ቀበቶውን አመጣሁ። ዓይኑ እያየ ታጠቅኩት፣ ከግንዱ ጋር አሰርኩት፣ እግሬን አንስቼ ተንጠለጠልኩበት። ከዚያ ፈታሁት።

«ቋጠሮው ደህና ነው ጋሼ» አልኩት። «እኔ ግን አልወጣልዎትም።»

አሁን ንፋስ በተነሳ ቁጥር እሱ እየወጣ ሽቅብ ያያል። የኔ ልብ ቅቤ ይጠጣል።