ክዳኑን ተው

ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት ጋሼ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከሰሊጥ በማትበልጥ ብሎን ላይ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አጎንብሰው ይውላሉ። ድስት ፊት ሲቆሙ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት የት እንደሚገባ እንጃ!

የሚያበስሉት ያንኑ ባለቤታቸው እትዬ ይሠሩት የነበረውን ነው። ጎመኑን በለስላሳ እሳት ሲንተከተክ ያቆዩና፣ በመጨረሻ የሊጥ ድቡልቡል ጣል ጣል አድርገውበት ይከድኑታል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ክዳኑ ቶሎ ከተነሣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ድቡልቡሉም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ጋሼ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን አያርፍም።

እትዬ በሕይወት ሳሉ፣ ክዳኑ ቃ ሲል ከመኝታ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ ተው!» ይሉ ነበር። ግድግዳችን ስስ ነው፤ እኔም ብቻዬን እስቅ ነበር። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ክዳኑ እንደ ልቡ ይንኳኳል፣ ማንም ምንም አይልም። ድቡልቡሉን ቀምሼዋለሁ። ጥርሱን የማይወድ ይብላው!

«ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ ቢታገሡት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንድ ቀን እንኳ እንደ እሷ ቢለሰልስልኝ ምን ነበረበት! ልጠብቅ እላለሁ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ እከፍተዋለሁ» አሉ።

ባለፈው እሑድ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ክዳኑ ቃ አለ። ሳላስበው «አንተ ሰውዬ፣ ተው!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ለሚሆኑ ሰው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከማዶ ግን ክዳኑ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ድቡልቡሉ ጥጥ መስሏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አፌ አምልጦኝ ነው።»

«የምን ይቅርታ?» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሰው ሁሉ እርስዎ ይለኛል። አንተ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። ነገም በይኝ፣ ልጄ።»

«እሺ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ክዳኑ ቃ ሲል ግድግዳው ጋ ተጠግቼ አፌን ከፈትኩ። ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ» ነው የወጣኝ።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ ከማዶ። ክዳኑ ግን አልተመለሰም።