ዳንጋርሳ የወደቀ ቀን

ትናንት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት የምትጥላት ባለ ቁጥር ዳይስ የብረት ሳህኑ ላይ ተንኳኳች። ያ ድምፅ ሶዶ ወደነበረው የአያቴ ቤት መለሰኝ።

ክረምት ነበር። ቤቱ የተቀቀለ ጎደሬ ይሸታል፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ባመጣው ጨዋታ፣ እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ ጦረኛ ፈጥረን ዘንዶ እንዋጋለን። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጦሩ ይወጋል፤ አንድ ከመጣ ግን መቺው ዘንዶው ነው። የእኔን ጦረኛ ዳንጋርሳ ብዬዋለሁ፤ በወላይትኛ ዝሆን ማለት ነው።

አንድ መጣብኝ። ዳንጋርሳ ሞተ።

"ሌላ ፍጠሪና እንቀጥል" አለኝ የአጎቴ ልጅ እየሳቀ።

አያቴ ጥግ ተቀምጠው ሲያዩን ነበር። "ማነው የሞተው?" አሉ።

"የእኔ ጦረኛ፣ አባባ።"

"ጎበዝ ነበር?"

"በጣም!"

"ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል? ጎበዝ ሲሞት ተቆሞ ሥራው ይነገርለታል እንጂ እንዲህ ይታለፋል?"

ከዘራቸውን እንደ ጦር ከፍ አድርገው ተነሱ። እኛም ተነሳን። የተሻገረውን ወንዝ፣ ከዘንዶው አፍ ያወጣውን ጓደኛ እየዞርን ተናገርን። አያቴ በየመሃሉ በወላይትኛ ይፎክራሉ። ዳንጋርሳ የወረቀት ሰው መሆኑን ረሳሁት፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ የሚሰማን መሰለኝ።

ትናንት ልጄም በዚያው ጨዋታ አንድ ጣለች። ሳቅ ብላ አዲስ ወረቀት ሳበች። እኔ ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ።

"እማዬ፣" አለችኝ ደንግጣ፣ "ማን ሞተ?"