ወንበሯን ይዛ የመጣችው

ከፊቴ የተሰለፈችው ልብስ ሰፊ ንግድ ፈቃዷን ልታሳድስ የመጣችው ታጣፊ ወንበርና ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ላይ የሰፋት የሟች ባሏን ሰዓት አስራለች።

እስከ አምና የቦታው ክፍያ ለብቻ፣ የታፔላው ለብቻ፣ የቆሻሻው ለብቻ ነበር። ከመስኮት መስኮት ስንንከራተት ይመሽብን ነበር። ዘንድሮ ግን ሁሉም ባንድ መስኮት፣ ባንድ ክፍያ ሆኗል። ወንበሯን ሳትዘረጋ ፈቃዱ እጇ ገባ።

«አለቀ? እስቲ ሙች በለኝ!» አለችው ገንዘብ ተቀባዩን።

«እትዬ ይሙቱ፣ አልቋል!»

ሰዓቱን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ «አየህ አይደል?» አለችው። ከዚያ ኮሪደሩ መሀል ወንበሯን ዘርግታ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች።

ጥበቃው ግራ ገባው። «ጨርሰው የለ እንዴ? ምን ይጠብቃሉ?»

«ምንም!» አለች ምሳ ዕቃዋን እየከፈተች። «ዛሬ የተቀመጥኩት ደስ ብሎኝ ነው።»