የማሽኑ ትኩሳት

«መርዶ ነጋሪዋ መጣች» አለችኝ ሰናይት ፊት ለፊቴ፣ ባለፈው ሳምንት ገላን ኮንዶሚኒየም የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሰናይት የእትዬ አልማዝ ልጅ ናት፤ የሰለሞን ታናሽ። ሰላም ልላት የዘረጋሁትን እጅ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ቂሟን አልጣለችም። ያን ጊዜ እሷ አዳማ ኮሌጅ ነበረች። እናቷ ሱቅ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሆነውን እኔ ልናገር።

አስረኛ ክፍል ነጥብ አልመጣልኝም። ቤት መዋል ደግሞ አይሆንልኝም፤ ግድግዳው ይበላኛል። እትዬ አልማዝ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነበራቸው፤ እዚያ ተቀጠርኩ። ፊት ለፊታችን የከባድ መኪና መቆሚያ ስለነበር በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው ከደንበኛ ቀድሞ ይገባል። ምሳችንን ሽሮ ስንበላ ጥርሳችን መሃል አሸዋው ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

ኮምፒዩተሩን ያዋቀረው ሰለሞን ነው። ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ቢያስመርረው ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫነበት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ እኔንም አስተማረኝ። ከዚያ በሱዳን በኩል ሊቢያ ሊሻገር ሄደ። ለእናቱ የተወው አደራ አንድ ነው፤ ማሽኑን እንዳያጠፉት፣ የሚጽፍላቸው በእሱ ነው። ከካርቱም ጻፈ፣ እንደገናም ጻፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። እትዬ አልማዝ ማሽኑን ሌትም ቀንም አላጠፉትም።

ማሽን ግን እናት አይደለም፤ ይደክመዋል። ፀሐይ ሲበረታ በራሱ ድርግም ማለት ጀመረ። በጠፋ ቁጥር እትዬ አልማዝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ልጃቸው ልክ በዚያች ደቂቃ የጻፈ ይመስላቸዋል። ይህን ማየት ሲሰለቸኝ ራሴ ገባሁበት። ውስጡ ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች አሉ፤ የሚያነባቸው ፕሮግራም ግን አልተጫነም። ጫንኩት። እያንዳንዱን ቺፕ ልፈትሽ ወይ እያለ ይጠይቃል፤ የማላውቀውን ሁሉ አዎ፣ አዎ እያልኩ አለፍኩ። ሲጨርስ ቁጥሩን አወጣው፤ ዘጠና ዲግሪ። የሚያቀዘቅዘው ፋን ከነጭራሹ አይዞርም።

ምን ይገርማል፤ እትዬ አልማዝ አቧራ እንዳይነካው ብለው ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴል እስከ ታች አልብሰውታል። ዳንቴሉን ገፈፍኩት፣ የታመቀውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፤ ፋኑ እያቃሰተ ተነሳ። ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሁልጊዜ እንዲታይ አደረግኩና ከሰማንያ ካለፈ አደጋ እንደሆነ፣ ከዚያ በታች ግን ሰላም እንደሆነ አስረዳኋቸው። ስሙን ትኩሳት ይበሉት አልኳቸው። ወደዱት። ጠዋት ሲገቡ እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት «ትኩሳቱ እንዴት አደረ?» ይላሉ። አንድ ሹፌር ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ ይህን ሲሰማ ዳማከሴ እንዲያሹት መከራቸው። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አንድ ዓርብ ጋሽ ሰይድ ከመንገድ ማዶ ጠሩኝ። ወሎዬ ናቸው፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሠፈሩ እድር ሰው። ከሰለሞን ጋር የተጓዘ ልጅ ደውሎ ነግሯቸዋል፤ ጀልባዋ ሰጥማለች፣ ሰለሞን የለም። የእትዬ አልማዝ እህት ከደብረ ብርሃን እስክትደርስ ተጠብቆ መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ወሬው ግን ውጭ አገር ያሉ ጓደኞቹ ዘንድ ደርሷል። አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ በዚያ ማሽን ቢጽፍስ?

«የኔ ልጅ፣ እስከዚያ አጥፊልን» አሉኝ። «እናት መርዶ ብቻዋን አትሰማም።»

የኛ ደንብ ይህ ነው። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው ሐዘንተኛዋ ብቻ ናት። ዳቦ የሚሸጥላት ሰው እንኳ ዓይኗን ይሸሻል። ደንቡ ልክ አይደለም አልልም፤ ብቻዋን የሰማች ሴትም አይቻለሁ።

የኢንተርኔቱን ገመድ ብነቅለው ወዲያው ይጠይቁኛል። ስለዚህ በሚያምኑት ነገር መጣሁባቸው።

«ማሽኑ ታሟል፤ ትኩሳቱ በጣም ወጥቷል። እስከ ሰኞ ይረፍ» አልኳቸውና እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

እትዬ አልማዝ መነጽራቸውን አደረጉ። እንዳስተማርኳቸው ወደ ስክሪኑ ጥግ ጎንበስ አሉ።

«አርባ ሁለት ነው የሚለው።»

እጄን ከማጥፊያው መለስኩ። በበሩ በኩል ወደ ውጭ አዩ። ጋሽ ሰይድ መኪናቸው ጎን ቆመው ወደኛ ሲያዩ ኖሮ፣ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፊታቸውን አዞሩ።

«እሱ ካልታመመ ማነው የታመመው?» አሉኝ።

ሰው ሲሞትም ለቤተሰቡ መጀመሪያ የሚባለው ይኸው ነው፤ ታሟል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እትዬ አልማዝ አልጮሁም። ወንበር ስበው ማሽኑ ፊት ተቀመጡና መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ።

«ሂጂ፣ ለሰይድ ንገሪው» አሉኝ። «ጎህ እስኪቀድ አልጠብቅም። አሁን ይምጡ።»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።